የተኛ ሰው ፍሬን አይረግጥም

ከሲንጋቶካ ከተማ ወደ ሸለቆው በሚወጣው መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ የቪሊሞኔን ጋራዥ ያውቃል። ጋራዥ ሲባል አራት የኮኮናት ግንድ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ደግሞ ነፋስ ነው። ቅባት በጠገበው ወለል ጥግ ግን አንድ ንጹሕ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ላይ የሻይ ስኒ ያስቀመጠ ሰው ወዮለት። የመኪኖች ኮምፒውተር የሚከፈተው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቪሊሞኔ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ እዚያ ከተቀመጠ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በቀር የሚያናግረው አልነበረም። እነሱንም ቢሆን ቀና ብሎ አያያቸውም።

ሙያውን የተማረው ዋና ከተማው ሱቫ፣ ጋጃናንድ ከሚባል ሕንዳዊ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሽማግሌው ምስጋና የማያውቅ፣ ለስድብ ግን ቃል የማያጥረው ሰው ነበር። ቪሊሞኔ ስምንት ዓመት አብሮት ሠርቶ ይዞ የወጣው አንድ ሕግ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የመኪና ኮምፒውተር የሞተሩን ጉዳይ ሁሉ በማስታወሻው ይይዛል። ስካነር ሲሰካበት ማስታወሻዬ ተበላሽቷል የሚል ቁጥር ካወጣ፣ ችኩል መካኒክ ሣጥኑን ነቅሎ ይጥላል። ጋጃናንድ ግን፣ ‹‹የራበው ሰው የነገሩትን አይዝም፤ መጀመሪያ መብላቱን አረጋግጥ›› ይል ነበር። ስለዚህ አንድ የፊት መብራት አምፖል ይወሰድና ኤሌክትሪክ ወደ ሣጥኑ በሚያስገባውና ወደ ባትሪው በሚመልሰው ሽቦ መካከል ይታሠራል። አምፖሉ ቦግ ካለ ሽቦዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ሣጥኑ ይጠርጠር። ከደከመ ግን ሣጥኑ ያጠፋው ነገር የለም። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

በዚህ ሕግ ቪሊሞኔ ስም አወጣ። ሌላ ጋራዥ ሞተዋል ያላቸውን ሣጥኖች ከናንዲ ድረስ በካርቶን እየጠቀለሉ ያመጡለት ነበር። እሱ አምፖሉን ያሥርና፣ የዛገ ብሎን ያገኝና፣ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መኪናዋን ያስነሳታል። ከዚያ ሣጥኑን ከነካርቶኑ ለባለቤቱ መልሶ፣ ‹‹ይሄን ከነሕይወቱ ሊቀብሩት የነበሩትን ሰላም በልልኝ›› ይላል። ኩራት ነበረበት። የሚያኮራ ሥራ ስለነበር ማንም አልቀየመውም።

የዚህ ሰው ትልቁ ሀብት ግን ኔማኒ ነበር። ኔማኒ የአክስቱ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ የቪሊሞኔን እህት ኡናይሲን አግብቷል፤ በአገሩ የአክስት ልጅም የእህት ባልም ታቫሌ ስለሚባል፣ በሁለት በኩል ታቫሌው ነው ማለት ነው። ታቫሌን መስደብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ሁለት ታቫሌዎች በትሕትና ሲነጋገሩ የሰማ ሰው፣ ምን ተጣልተው ነው ብሎ ይጠይቃል።

‹‹ታቫሌ፣ ዛሬም ሣጥን ታቅፈህ ነው የምትውለው?›› ይላል ኔማኒ ሚኒባሱን ጋራዡ ደጃፍ ገትሮ። ‹‹ሜሬሴይኒን እንዲህ ብታቅፋት ኖሮ የራግቢ ቡድን ትወልድልህ ነበር።››

‹‹አንተ ጥርስህን እንደ መኪናህ ስለያዝከው ነው የረገፈው›› ይለዋል ቪሊሞኔ። ‹‹አፍህን ግጠም፤ ነፋስ ገብቶ የቀሩትን ሁለቱን እንዳይወስዳቸው።››

የቪሊሞኔ ሚስት ሜሬሴይኒ ከጎደሬ ማሳዋ ሆና ይህን ትሰማና፣ ሁለታችሁንም ወንዝ ይውሰዳችሁ ትላለች። ሳቋ ከራሷ ቀድሞ ነው መንገድ ዳር የሚደርሰው።

ወንድምና እህት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ቪሊሞኔና ኡናይሲ ልጅነታቸውን ከጨረሱ ወዲህ አፍ ለአፍ ተነጋግረው አያውቁም፤ ክብር ይከለክላቸዋል። እሷ ካለችበት ቤት እሱ አይገባም፤ እሱ ድንገት ከመጣ እሷ በጓሮ በር ትወጣለች። ሆኖም ለወንድሟ ያላትን ፍቅር መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከምታበስለው ዓሣ ጥሩ ጥሩው የሚሄደው ወደ እሱ ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃላቸውን ያመላለሱላቸው ኔማኒና ሜሬሴይኒ ናቸው፤ ቃሉ በኔማኒ በኩል ሲመጣ ትንሽ ተጣሞ ቢደርስም።

እንግዲህ ወደዚያች ክፉ ቀን ልምጣ። የሸለቆው ሾፌሮች በየሳምንቱ መጨረሻ መኪናቸውን ወንዙ ከሚሳሳበት መሻገሪያ አስገብተው ያጥባሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጭቃ የጠጣ መኪና ማቆም ነውር ነው። ኔማኒ ደግሞ የባሰበት ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ በባልዲ ይደፋበታል። ቪሊሞኔ ሞተር ክርስትና አይነሳም እያለ ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል፤ ኔማኒ ግን ስቆ ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን ሲሆን፣ የመንደሩ የራግቢ ቡድን ለዋንጫ በሚጫወትበት ቅዳሜ ኔማኒ ደጋፊ ጭኖ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው መብራት በርቷል፤ መንገድ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ትን ብሎት ነበር አለ።

ቪሊሞኔ ስካነሩን ሰካ። የማስታወሻ ጉድለት ነው የሚለው ቁጥር ወጣ። አምፖሉ ከክንዱ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ግን የቡድኑን መዝሙር እየዘፈኑ ጣሪያውን ይደበድባሉ፤ ሜሬሴይኒ ራሷ ከፊት ወንበር ተንጠራርታ ክላክሱን አጮኸችበት። እሱም ቢሆን ጨዋታው እንዲያመልጠው አልፈለገም። መደርደሪያው ላይ ከተገጨ መኪና የነቀለው፣ ቁርጥ የዚህን የሚመስል ሣጥን ነበረው። ነቀለ፣ ተካ፣ ከቁልፉ ጋር አስማማው። ቢጫው መብራት ጠፋ። ሰዉ አጨበጨበለት፤ እሱም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገባና አብሮ ዘፈነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልሆነም። ጨዋታውንም ተሸነፉ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሜሬሴይኒ ሦስት ጆንያ ጎደሬ ጭና በኔማኒ ሚኒባስ ወደ ገበያ ወረደች። ከኋላ የተቀመጡት አራት ሴቶች ጆንያቸውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሚኒባሱ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ መንገዱን ስቶ ወረደና በግራ በኩል ትልቅ የማንጎ ዛፍ መታ። ሜሬሴይኒ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ኔማኒ የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ የኋላዎቹ ተጫጫሩ እንጂ አልተጎዱም።

‹‹እንቅልፍ ጣለኝ›› አለ ኔማኒ ለፖሊስ። ከዚያ ሌላ አልጨመረም። ዓርብ ማታ ካቫ ከሚባለው የሚያደነዝዝ መጠጥ ዙሪያ ቁጭ ብሎ እንደነበር ያየ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም። መርማሪው ፍሬኑንና ጎማውን አይቶ ደህና ነው አለ። ሾፌሩ ካመነ በኋላ ከዚያ በላይ ማን ይቆፍራል? የተጨማደደችው ሚኒባስ ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ተጎትታ ከቪሊሞኔ ጋራዥ ጀርባ ተጣለች።

ኔማኒ በአራተኛው ቀን ከወገኖቹ ጋር የይቅርታ መጠየቂያውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ መጣ። ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ከደጃፉ ምንጣፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ የወገኖቹ ሽማግሌ ስለ እሱ ይቅርታ ጠየቀ። ጥርሱን የተቀበለ ሰው ነገሩን ዳግመኛ አያነሳም። ቪሊሞኔ ተቀበለ። የተቀበለው ግን እጁ ነው። ልቡ፣ ይህ ሰው ተኝቶ ሚስቴን ገደለብኝ እያለ ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ስድቡ ቀረ። መንገድ ላይ ሲገናኙ በትሕትና እንደምን ዋልክ ይባባላሉ። የኡናይሲ ነገር ደግሞ ባሰ። ሜሬሴይኒ የወንድሟ ሚስት ብቻ አልነበረችም፣ ጓደኛዋም ነበረች፤ የወንድሟን ጤንነት የምትጠይቃት፣ ዓሣ አብራት የምታጠምድ። ኡናይሲ ምንጣፏን ከባሏ አጠገብ አንስታ ልጆቿ ዘንድ ዘረጋች። ኔማኒን እንደማታናግረው ጎረቤት ሁሉ ያወራል። እሱ ደግሞ ዳኛ ፊት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል፤ የፍርዱ ቀን ተቀጥሯል።

ቪሊሞኔ የሐዘኑ መቶ ሌሊት እስኪሞላ ጸጉሩን ላይቆረጥ፣ ያቺንም ሚኒባስ በእጁ ላይነካ ለራሱ ቃል ገባ። በሸራ ሸፈናት። መቶው ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ ተበላ፣ ሐዘን ተነሳ፣ ጸጉሩ ተቆረጠ። ሰኞ ጠዋት የሚሸጥ ዕቃ ለመልቀም ሸራውን ገፈፈ። የኔማኒ ፍርድ ሐሙስ ነበር።

የሚኒባሷ ባትሪ ስለሞተ ሌላ አሠረላት፤ የትኛው ሣጥን በሕይወት እንዳለ ለማየት ስካነሩን ሰካ። የሞተሩ ኮምፒውተር አንድ ቁጥር አወጣ። የማስታወሻ ጉድለት ነው የሚለው ያው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ያወጣውን ሣጥን ነቅሎ መደርደሪያ ላይ ጥሎታል፤ ይህኛው ራሱ የተካው ነው። ሁለት እንግዶች አንድ ቤት በልተው ሁለቱንም ካመማቸው፣ ነገሩ ከወጡ ነው። ቪሊሞኔ ግን ወዲያው ራሱን ማጽናናት ያዘ። ባትሪው ስለሞተ ይሆናል፣ ሣጥኑ መቶ ቀን ጾሙን ውሎ አድሮ እንዴት ያስታውሳል አለ። ይህም እውነትነት ነበረው።

ስለዚህ ሌላውን ምስክር ጠራ። ከወንበር ሥር ያለው፣ በግጭት ጊዜ የአየር ከረጢቱን የሚነፋው ሣጥን በራሱ ሽቦ ነው የሚበላው። ከግጭቱ በፊት ያለችውን አምስት ሰከንድ ደግሞ ባትሪ ቢሞትም አይረሳትም። ቪሊሞኔ ለረጅም ጊዜ ቁልፉን ሳይጫን ቆየ። ከዚያ ተጫነው፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ መጡ። ፍጥነት ስድሳ አንድ፤ ሞተር ዜሮ፤ ፍሬን ተረግጧል። ፍጥነት ስድሳ፤ ሞተር ዜሮ፤ ፍሬን ተረግጧል። አምስቱም መስመር እንዲሁ ነው፤ የሚለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

የተኛ ሰው ፍሬን አይረግጥም። ሞተሩ ቀድሞ ነው የሞተው፤ ሞተር ሲሞት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ማረሚያ ጊዜ የለም።

ተነሥቶ አምፖሉን ከሚስማሩ አወረደ፤ ያን ቅዳሜ ማሠር በነበረበት ቦታ አሠረው። አምፖሉ ቀላ ብሎ ቀረ። የሚመልሰውን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ከባትሪው ጀርባ ወረደ። የወንዙ ደለል ደርቆበታል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት አለ። ዳዶውን ቢነካው ያለ መፍቻ፣ በሁለት ጣቱ ዞረ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ። ጨዋታ እንዳያመልጠው ብሎ የነፈጋት አሥር ደቂቃ። ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበራት፤ በዚህኛው ቀብር ግን ገዳይዋን ያውቀዋል፤ ስካነሩን ይዞ የተቀመጠው ራሱ ነው። አልቅሶ ሲወጣለት፣ በዚያ ላይ ሌላ ነገር መጣበት። ኔማኒ ይህን ሁሉ ያውቃል። ፍሬን የረገጠው እግር የራሱ የኔማኒ እግር ነው።

ኔማኒን ያገኘው ካሳቫ ሲቆፍር ነው፤ በደህናው ክንዱ፣ ቀስ እያለ።

‹‹መኪናዋን ከፈትኳት›› አለው።

ኔማኒ ዶማውን አስደግፎ ቆመ። ‹‹ለምን? ትተሃት አልነበር?››

‹‹ሞተሩ ነው ቀድሞ የጠፋው። ፍሬን ረግጠሃል።››

‹‹ሣጥን ነው ይሄን የነገረህ? ሣጥን ስንቱን ይዘባርቃል።››

‹‹ኔማኒ።››

ኔማኒ የተቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አለ፤ ቪሊሞኔም አጠገቡ። ዛፉ ሳይደርስ ነው ያወቅኩት አለ ኔማኒ። ዳሽቦርዱ ሲጨልምና መሪው እምቢ ሲለው፣ በጨዋታው ቅዳሜ የተነካው ያ ሣጥን ወዲያው ትዝ ብሎታል። ሰው እስኪደርስ የሜሬሴይኒን እጅ ይዞ ሲጠብቅ፣ ምን እንደሚል አስቦ ጨርሷል። ያጠበው እሱ ነው፣ የነዳው እሱ ነው፤ የቀረችውን አንዷን ነገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው አለ።

‹‹ምን ልልህ ኖሯል?›› አለ። ‹‹አስከሬኗ አጠገብ ቆመሃል። እዚያ መጥቼ በእጅህ ነው ልበልህ? እኔን እንቅልፋም ቢሉኝ ምን እሆናለሁ፣ ድሮም ይሉኛል።››

‹‹ሐሙስ እስር ቤት ነው የምትገባው።››

‹‹እወጣለኋ። አንተ ከዚህኛው አትወጣም።››

‹‹ኡናይሲስ?›› አለው ቪሊሞኔ። የኔማኒ ፊት የተለወጠው ያኔ ነው።

‹‹እሷን ተዋት›› አለ፤ ድምፁ ወረደ። ‹‹ባል እንቅልፋም ቢሆን ይቻላል። ወንድም ግን አንድ ነው ያላት፤ አንተን አስባ ነው ቀና ብላ የምትሄደው። ጥርሱን ተቀብለሃል ታቫሌ፤ ነገሩ ተቀብሯል። በእናትህ ይዤሃለሁ፣ አትቆፍረው።››

ቪሊሞኔ ተነሣ። በመንገዱ ላይ ሲሄድ የኔማኒ ልመና በጆሮው ነበር። በባህሉ ከሄደ ኔማኒ ትክክል ነው፤ የተቀበረ አይነሣም። ግን ለአንድ ሰው ክብር ሲባል ሌላው ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ውሻ ሲበላ መቶ ቀን አልፎታል። እግሩ ራሱ ወደ እህቱ ቤት ወሰደው።

ኡናይሲ ከቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ኮኮናት ትፈቀፍቃለች። የወንድሟን ጥላ ደጃፉ ላይ ስታይ ሳህኑን አስቀምጣ በጓሮ በር ልትወጣ ተነሣች።

‹‹ኡናይሲ›› አላት።

ቆመች። ስሟን ከአፉ ከሰማች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። እንደ ደነገጠች ጀርባዋን ሰጥታው ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቪሊሞኔም ከደፉ ውጭ በጉልበቱ ሆኖ ሁሉንም ነገራት፤ ሣጥኑን፣ ጨዋታውን፣ ያላነሳውን አምፖል፣ በጣቱ የዞረውን ዳዶ፣ አምስቷን ሰከንድ። አላሳመረውም። ክላክሱን ማን እንዳጮኸው ብቻ ዘለለው።

‹‹ኔማኒ አልተኛም›› አላት በመጨረሻ። ‹‹እኔን ለማዳን ነው የዋሸው። ሐሙስ ለዳኛዋም እነግራታለሁ፤ አንቺ ግን ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።››

ኡናይሲ ትከሻዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ስትናገርም ለእሱ መልስ የምትሰጥ አትመስልም ነበር።

‹‹ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጬለት ነው የምሄደው›› አለች። ‹‹አንድ ቀን ብላ አላልኩትም። እሱ ግን በልቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ተባረኪ ይለኛል።››

ከዚያ ተነሣች። በጓሮ በር አልወጣችም። ቀሚሷ ክንዱን እየነካው በአጠገቡ አልፋ፣ ጫማ ሳታደርግ፣ ወደ ካሳቫው ማሳ ሮጠች። ቪሊሞኔ ዞሮ አላያትም።

ሐሙስ ወረቀቶቹን ይዞ ዳኛዋ ፊት ቆመ፤ እህቱ ፊት እንደተናገረው ተናገረ። ዳኛዋ አምስቱን መስመር ደጋግማ አነበበች፤ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው አዘዘች፤ ባለሙያውም ያንኑ አለ። ኔማኒ ክሱ ተነሣለትና ወደ ምንጣፉም ወደ ሚስቱም ተመለሰ። ከወር በኋላ ጋራዡ ድረስ መጥቶ፣ ጸጉር ቆራጭህ ዓይነ ስውር ነው እንዴ ብሎ ቪሊሞኔን ሰደበው፤ ቪሊሞኔም እንደ ምንም ብሎ መለሰለት።

ኔማኒ ከኡናይሲ የሚያመጣው ቃልም ዓሣም ግን የለውም፤ ቪሊሞኔም ምን አለች ብሎ አይጠይቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ኡናይሲ ወንድሟን ስታይ አንገቷን ሰብራ ወደ ሌላኛው የመንገድ ዳር ትሻገራለች፤ እሱም ቆሞ ያሳልፋታል። ለመንደሩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ካየ፣ እንዴት ያሉ የሚከባበሩ ወንድምና እህት ናቸው ይላል።